የቡፌው ጭልፋ በማን እጅ ነው?

የመርከብ ሽርሽር ለማቀድ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጣራው የካቢኑን ስፋትና መርከቡ የሚቆምባቸውን ወደቦች ሲሆን፣ ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው በምግቡ ላይ ነው። የኩባንያዎቹ ማስታወቂያም ይህን ስለሚያውቅ የተከመረ የባሕር ምግብ፣ አበባ ሆኖ የተቀረጸ ሐብሐብና ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ያሳየናል። ምክር ሲጠይቁኝ እኔ አስቀድሜ የማነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በመርከቡ ቡፌ ላይ ጭልፋውን የሚይዘው ተሳፋሪው ራሱ ነው ወይስ አስተናጋጁ? ጥያቄው ተራ ቢመስልም፣ በባሕር ላይ ሆድን የሚያውክ በሽታ በአብዛኛው የሚዛመተው ምግቡ ተበላሽቶ ሳይሆን አንዱ የነካውን ሌላው በመንካቱ ስለሆነ፣ መልሱ ስለ መርከቡ አያያዝ ብዙ ይናገራል።

በእነዚህ መርከቦች ላይ የሚኖረው የሰው ብዛት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ እስከ 7,600 ተሳፋሪዎችን የሚይዝ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ብቻ ከ2,300 በላይ ናቸው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለቀናት ያንኑ የደረጃ መደገፊያ እየያዘ ይወጣል፣ ያንኑ የአሳንሰር ቁልፍ ይጫናል፣ በተመሳሳይ ሰዓትም ይራባል። ወጥ ቤቱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ከወጥ ቤቱ በር ወዲህ ያለው ንጽሕና በተሳፋሪው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው።

በዚህ ጉዳይ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ኖሮቫይረስ ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኖርዎክ በተባለች ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት በተነሣ ወረርሽኝ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለይተው ያዩት ደግሞ በ1972 ነው። ሰውን ለማሳመም እጅግ ጥቂት የቫይረስ ቅንጣቶች ይበቁታል፤ በበር እጀታና በጠረጴዛ ላይ ለቀናት ይቆያል፤ ትውከቱና ተቅማጡ ካቆመ በኋላም ከሕመምተኛው አካል ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። ሕመሙ ራሱ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ የሚያልፍ ቢሆንም፣ የሳምንት ሽርሽር ለከፈለ ሰው ሦስት ቀን ቀላል አይደለም፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ደግሞ ሰውነት ፈሳሽ ማጣቱ ከባድ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ ከቤቱ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዞት የመጣ ሰው ጤነኛ ሆኖ ተሳፍሮ በማግስቱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት የታመመ ተሳፋሪ የመርከቡን እራት ከመርገሙ በፊት ሰዓቱን ወደ ኋላ ቢቆጥር ደግ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገልጸው፣ ሪፖርት ከሚደረጉት የኖሮቫይረስ ወረርሽኞች ውስጥ የሽርሽር መርከቦች ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዜና የሚበዙት፣ መርከብ ሕሙማኑን እየቆጠረ ለባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት ነው፤ በሆቴል አድሮ ታሞ ወደ ቤቱ የሄደን እንግዳ ግን ማን ይቆጥረዋል?

ወደ ገበታው እንምለስ። በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ላይ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ የሚካተቱት ዋናው የምግብ አዳራሽና ቡፌው ሲሆኑ፣ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅባቸው ልዩ ምግብ ቤቶችና ወደ ካቢን የሚመጣ ምግብም አሉ። በዋናው አዳራሽ ጥንታዊው ልማድ እራትን በሁለት ዙር፣ ቀደም ብሎና አምሽቶ፣ በተመደበ ጠረጴዛና በተመደበ አስተናጋጅ ማቅረብ ነበር፤ ኖርዊጂያን ክሩዝ ላይን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ተሳፋሪው በፈለገው ሰዓት የሚበላበትን አሠራር ካስተዋወቀ ወዲህ ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ተከትለዋል። ነፃነቱ ደስ ይላል። እኔ ግን ለንጽሕናም ሆነ ለመስተንግዶ የድሮውን ዙር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ያው አስተናጋጅ በየምሽቱ ስለሚያገለግል የማትበሉትን ነገር በሁለተኛው ቀን ያውቀዋል፣ ሳህኑም ከወጥ ቤቱ እስከ ጠረጴዛው የሚያልፈው በጥቂት ሠራተኞች እጅ ብቻ ነው። ልዩ ምግብ ቤቶቹ ከዋናው አዳራሽ የበለጠ ንጹሕ ናቸው ብዬ አላስብም፤ ተጨማሪው ክፍያ ጸጥታና የተሻለ ሥጋ ይገዛል እንጂ ሌላ ጥበቃ አይገዛም።

ቡፌው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆም ያስፈልጋል። በብዙ መርከቦች መግቢያው ላይ የእጅ መታጠቢያ ተተክሏል፣ አጠገቡም ተሳፋሪውን በፈገግታ፣ አንዳንድ ጊዜም በዘፈን፣ «ታጠቡ» የሚል ሠራተኛ ይቆማል። ሰው ይታጠባል፣ ወይም ለወጉ ጣቶቹን ያረጥባል፣ ከዚያም ሳህኑን አንሥቶ ወደ ሰላጣው ይሄዳል። እዚያ የሚያገኘው ከእሱ በፊት መቶ ሰው የያዘውን መቆንጠጫ ነው። አንዳንዱ መቆንጠጫ እጀታው ወደ ምግቡ ውስጥ ተንሸራቶ ገብቷል፤ ቀጣዩ ሰው በሁለት ጣቱ ጎትቶ ያወጣውና የያዘውን ይጨልፍበታል። ከዚያ ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በዚያው እጁ ቆርሶ ይበላል። መግቢያው ላይ የተደረገው መታጠብ ሌሎችን ከእርሱ ይጠብቃል፤ እርሱን ከሌሎች አይጠብቀውም። ስለዚህ ለራሱ ጤና የሚያስብ ሰው ሳህኑን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ በኋላ ተመልሶ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ይህንን ማድረግ ካልተመቸው ዳቦውንም በሹካ ይብላ። ሰው ቢያየው ምን ይለዋል? ምንም።

የሳኒታይዘር ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ብዙ ጀርሞችን ቢገድልም በኖሮቫይረስ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው፤ ሳሙናና ውሃ ለ20 ሰከንድ ያህል ሲታሹ ግን ቫይረሱን ከእጅ ላይ ያስወግዱታል። ሠራተኞቹ ወረርሽኝ ሲነሣ ወለሉንና እጀታውን በክሎሪን፣ ማለትም በበረኪና ዓይነት መድኃኒት የሚያጸዱትም ለዚሁ ነው። በካቢን ውስጥ የስልክ መቀበያውንና የቴሌቪዥኑን ሪሞት በአልኮል ጨርቅ መወልወል ለመንፈስ ዕረፍት ይሰጥ ይሆናል፤ ለኖሮቫይረስ ግን እምብዛም አያስጨንቀውም።

ምግቡን በዓይን መመርመርም ይቻላል። በአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ መሠረት ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ፣ ትኩስ ምግብም ከ57 ዲግሪ መውረድ የለበትም፤ በሙቀት ሳይሆን በሰዓት የሚጠበቅ ምግብ ደግሞ ቢበዛ በአራት ሰዓት ውስጥ መነሣት አለበት። ተሳፋሪ ቴርሞሜትር ይዞ እንዲዞር አልመክርም። ነገር ግን ከትሪው እንፋሎት የማይወጣበት ወጥ፣ በረዶው ቀልጦ ውሃ የሠራ የሽሪምፕ ሳህን፣ ጠርዙ የደረቀ ሥጋ ሁሉ ሰዓታቸውን ይናገራሉ። አስተናጋጁ አሮጌው ትሪ ላይ አዲስ ምግብ ሲገለብጥ ካየሁ ያንን ትሪ አልፈዋለሁ፤ ትሪውን ሙሉ በሙሉ አንሥቶ በሌላ ከተካው ግን በቤቱ ሥርዓት እንዳለ እረዳለሁ።

ለዕቅድ የሚሆን ትልቁ መሣሪያ የፍተሻ ሪፖርት ነው። የአሜሪካው ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመርከቦች ንጽሕና ፕሮግራም ያለው ሲሆን፣ ከውጭ ሀገር ተነሥተው የአሜሪካን ወደቦች የሚነኩና 13 እና ከዚያ በላይ ተሳፋሪ የሚይዙ መርከቦችን ሳያሳውቅ ይፈትሻል። ውጤቱ ከ100 የሚሰጥ ነው፤ 86 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ያልፋል፣ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ይወድቃል። ሪፖርቱ ለማንም ክፍት ስለሆነ የመርከቡን ስም ጽፎ ማየት ይቻላል፤ የምመክረው ግን ነጥቡን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ዝርዝር ማንበብ ነው። 96 ያገኘ መርከብ ነጥብ የቀነሰው የወለል ንጣፍ ስለተሰነጠቀ ከሆነ ብዙም አያሳስብም፤ ሠራተኛ ሆዱን እያመመው ምግብ ሲያዘጋጅ በመገኘቱ፣ ወይም የማቀዝቀዣ ሙቀት መዝገብ በመጓደሉ ከሆነ ግን ያው 96 ሌላ ትርጉም አለው። ሁለትና ሦስት ተከታታይ ሪፖርቶች ላይ ያው ጥፋት ሲደጋገም ማየት ከአንድ ዝቅተኛ ነጥብ ይልቅ ያስጠነቅቀኛል።

ፍተሻው ለይስሙላ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአላስካ ስካግዌይ ወደብ ተቆጣጣሪዎች በአንድ የቅንጦት መርከብ ላይ ሲወጡ፣ በቀላሉ የሚበላሹ ምግቦች የተጫኑባቸው ጋሪዎችና ትሪዎች ከወጥ ቤት ወጥተው በሠራተኞች መኝታ ካቢኖች ውስጥ ተደብቀው አግኝተዋል፤ መርከቡም 82 አግኝቶ ወደቀ። ይህ የሚያሳየው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋው የተወደደ መርከብ ሁሉ ወጥ ቤቱ የተከበረ አለመሆኑን፣ ድንገተኛ ፍተሻም የተደበቀን ማውጣት መቻሉን። የአሜሪካን ወደብ የማይነካ መርከብ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። እንዲህ ያለ መርከብ ቢሆንም በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት ስድስት ወር የሚያገለግል የመርከብ ንጽሕና የምስክር ወረቀት መያዝ ይኖርበታል፤ ይህ ወረቀት ግን ተሳፋሪ የሚያነበው ዝርዝር ነጥብ የለውም።

ከነጥቡ ጎን ማዕከሉ የወረርሽኞችንም ዝርዝር ያወጣል። በመመዘኛው መሠረት ከተሳፋሪዎች ወይም ከሠራተኞች 3 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት የሆድ ሕመም ምልክት ሲያሳውቁ ጉዞው በዝርዝሩ ላይ ይወጣል። ጥሩ ነጥብ ያለው መርከብም እዚያ ሊገኝ ይችላል፤ ምክንያቱም ነጥቡ የሚለካው መርከቡን ነው፣ በሽታውን ይዞ የሚመጣው ግን ሰው ነው። እንዲህ ሲሆን ለኔ ዋናው ነገር መርከቡ ምን ያህል ፈጥኖ ቡፌውን ከተሳፋሪዎች እጅ ነጥቆ ለአስተናጋጆች እንደሰጠ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች በጉዞው የመጀመሪያ ቀናት ማንም ሳይታመም ይህንን ያደርጋሉ፤ ሰልፉ ይረዝማል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ኩባንያ አከብራለሁ።

ሕመሙን የሚደብቅ ተሳፋሪ ነገር ያናድደኛል። ካቢን ውስጥ እንዳይዘጋበት ሲል ለክሊኒኩ ሳይናገር ወደ ምግብ አዳራሽ የሚመጣ ሰው የሌላውን ዕረፍት በገዛ ምቾቱ ይለውጣል። ምግብ የሚነካ ሠራተኛ እንዲህ ቢታመም ምልክቱ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ወደ ሥራው እንዳይመለስ መመሪያው ይከለክለዋል፤ ተሳፋሪም ቢያንስ 24 ሰዓት በካቢኑ እንዲቆይ ይጠየቃል። ስለዚህ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት፣ የታመመ ተሳፋሪ ካቢኑ ውስጥ ሲቆይ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንና ምግብ እንዴት እንደሚቀርብለት ጠይቁ፤ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁም ይህንን ማካተቱን አረጋግጡ።

የቧንቧው ውሃ የሚያስፈራ አይደለም። መርከቦቹ ከወደብ የሚሞሉትንም ሆነ ከባሕር ጨው አውጥተው የሚያመርቱትን ውሃ በክሎሪን ያክማሉ፣ መጠኑንም ያለማቋረጥ ይለካሉ። የሙቅ ውሃ ገንዳዎቹ ግን ትንሽ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ የሽርሽር መርከብ ላይ የተነሣ የሌጂዮኔላ የሳንባ ምች ምንጩ እንዲህ ያለው ገንዳ ሆኖ ተገኝቷል። ሳንባው የታመመ ወይም አቅሙ የደከመ ሰው ቢተወው ይሻላል። ዳይፐር የለበሰ ሕፃን በተራው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲዋኝ ዝም የሚል ሠራተኛ ካያችሁ ደግሞ ያ መርከብ ሌላም ደንብ ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ጠርጥሩ።

በመሳፈሪያው ቀን ቡፌው የሚጨናነቅበት ሰዓት ቀትር አካባቢ ነው፤ ካቢኑ ገና አልተዘጋጀም፣ ሻንጣው አልደረሰም፣ ሁሉም ከመንገድ መጥቶ ተርቧል። በብዙ መርከቦች በዚያው ሰዓት ዋናው አዳራሽ ወይም ሌላ ትንሽ ምግብ ቤት ምሳ እያቀረበ ባዶውን ስለሚውል፣ ስትሳፈሩ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን። የምግብ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ቲኬቱን ሲገዛ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ በመጀመሪያው ምሽት ለዋናው አስተናጋጅ በቃሉ ይድገምለት፤ በሚገባ በሚመራ አዳራሽ ውስጥ አስተናጋጁ የነገውን የምግብ ዝርዝር ዛሬ ማታ አምጥቶ ያስመርጠዋል፣ የእርሱም ሳህን ለብቻው ይሠራለታል። ቡፌው ላይ ግን አንዱ ጭልፋ ከኦቾሎኒው ወደ ሰላጣው መሻገሩን ማንም ሊያረጋግጥለት ስለማይችል፣ እንዲህ ያለው ሰው በየትኛውም መርከብ ላይ ቢሆን ቡፌውን ጨርሶ ቢተወው ይሻላል።