ስክሪንሹቷ ተገኘች

ዛሬ ከአዘዞ ፒያሳ የወጣሁት ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ነው። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ፎቶ እህቴ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ልካልኝ ስክሪንሹት (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ራሱ ስልኩ ፎቶ የሚያነሳበት) አንስቼው ነበር። ፋርማሲ ገብቼ ጋለሪውን ከፈትኩ። የጥምቀት ፎቶዎች፣ የልጆቹ ፎቶዎች። ስክሪንሹቷ ግን የለችም። ቴሌግራሙን እንዳልከፍት ኔትወርክ ጠፋ። የእናት መድኃኒት ደግሞ በግምት አይገዛም፤ ስሙ ቢታወስ እንኳ ሚሊግራሙ አለ። ላብ አጠመቀኝ።

ፋርማሲስቷ አየችኝና «አይዞህ ወንድሜ፣ አልበም የሚለውን ንካው» አለችኝ። ነካሁት። «ስክሪንሹትስ» የሚል አቃፊ ወጣ። እሰይ! እዚያው ቁጭ ብላለች።

ለካ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ስክሪንሹትን ከካሜራ ፎቶ ለይተው በራሱ አቃፊ ነው የሚያስቀምጡት። ጋለሪ ላይ ካጣችሁት በፋይል ማኔጀር «ፒክቸርስ» ወይም «ዲሲአይኤም» ውስጥ ፈልጉት። አንዴ ከተነሳ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። ዛሬ ያዳነኝ ይሄው ነው።

አነሳሱን ለማታውቁ፣ በአብዛኛው አንድሮይድ የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ እኩል ተጭኖ ቶሎ መልቀቅ ነው። መነሻ ቁልፍ (ሆም) በሌላቸው አይፎኖች የጎኑንና የድምፅ መጨመሪያውን። እባካችሁ ለወላጆቻችሁም አሳዩአቸው፤ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ፣ በራሳቸው ጣት እስኪሞክሩት።

ፋርማሲስቷን እግዜር ይስጣት። እናቴ መድኃኒቷን ወስዳ ተኝታለች። አሁን እህቴ ጋ ልደውል፤ ሐሳብ ገብቷት ነው የዋለችው።