አምባሰልን በደንብ ለመስማት ስንት ዋት ያስፈልጋል?

ደሴ ፒያሳ ስፒከር ልትገዙ ሱቅ ብትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ዋቱ ነው። «ይሄ 3,000 ዋት ነው፣ ያኛው 5,000።» ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። አጠገቡ ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ የሚታሰብ ጉልበት) የሚል ካለ ቁጥሩን እርሱት። ማየት ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚለውን ነው፤ አምፑ፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር፣ ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት እሱ ነው። እኛ ቤት ላለው ዓይነት ሳሎን ከ20 እስከ 40 እውነተኛ ዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ይላል እንጂ እጥፍ ሆነ አይልም።

እኔ የቤቴን ቴፕ ለማሻሻል ስነሳ የመደብኩት 12,000 ብር ነበር። እቃው የአባቴ ነው፤ የጃፓን አምፕሊፋየር፣ የካሴት ዴክ፣ ሁለት የእንጨት ስፒከር። ካሴቶቹም የሱ ናቸው። መንዙማ አለ፣ ባቲ አለ፣ አምባሰል በብዛት አለ። ማሪቱ ለገሰን ያወቅኳት በነዚህ ካሴቶች ነው። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ማሲንቆው ማሲንቆ እንዲመስል። ዕጣን የተቀባው ጭራ ሲፋተግ የሚያወጣትን ያቺን ሸካራ ድምፅ መስማት። ለዚህ አዲስ አምፕ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የነካሁት ዴኩን ነው። ውስጡ ያለው ካሴቱን የሚያዞረው የጎማ ቤልት በዕድሜ ይላላል። ያኔ ካሴቱ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል። በፈጣን ዘፈን ላያስታውቅ ይችላል። አምባሰል ላይ ግን ጉድ ያፈላል። በአምባሰል ቅኝት ከመነሻው ድምፅ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ እንዳለው። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ከተለወጠ ድምፁ በዚያው ልክ፣ በግማሽ ድምፅ፣ ይንሸራተታል። በ3 በመቶ እንኳ ቢዋዥቅ የዚያችን ጠባብ ርቀት ግማሽ በልቷታል ማለት ነው። ማሲንቆው ረጅም አድርጎ የያዘው ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ከሰማችሁ፣ ተጫዋቹን አትሙት፤ ቤልቱን እዩት። አዲስ ቤልት ከጠቅላላው ወጪዬ ትንሹ ነበር፤ ለውጡ ግን ከሁሉም ቀድሞ ተሰማኝ።

ሄዱን፣ ማለትም ከካሴቱ ክር ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ጠረግኩት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ከካሴቱ የረገፈው የብረት ዱቄት ነው። ሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ ብሎኗን በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በቀስታ ስታዞሩ ድምፁ ሲታፈንና ሲከፈት ይሰማችኋል። በጣም የተከፈተበት ቦታ ላይ ተዉት።

ወደ ስፒከሮቹ ልምጣ። ወረቀቱን ከዙሪያው የያዘው ስፖንጅ በስብሶ ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ስፒከሩን ይጥላል። አትጣሉ። መጠኑን ለክታችሁ ስፖንጁን ብቻ ማስመጣት ይቻላል፤ የኔ ከመርካቶ በአውቶቡስ መጣልኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ አዛውንት ጠጋኝ አሉ። አሮጌውን በምላጭ ፍቀው፣ በአልኮል ጠርገው፣ አዲሱን አጣበቁት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ጣቶች ወረቀቱን ወደ ውስጥ ገፋ ለቀቅ፣ ገፋ ለቀቅ እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ካለ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅልል መሃሉን ስቷል፣ ሙጫው ሳይደርቅ መስተካከል አለበት። እስኪረኩ ድረስ እጃቸውን አላነሱም። ሥራ ማለት ይሄ ነው።

ሽቦውን ከማሰራችሁ በፊት ይቺን አድርጉ። አንድ ተራ የባትሪ ድንጋይ ውሰዱ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን። ፖዘቲቩን ከስፒከሩ ቀይ ጫፍ፣ ኔጋቲቩን ከጥቁሩ አፍታ ነካ አድርጉ። ወረቀቱ በሁለቱም ስፒከሮች ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ወጥቶ አንዱ ከገባ ተገልብጧል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ድምፁም መሃል አይኖረውም። ለገመዱ 1.5 ሚሊሜትር ስኩዌር የመዳብ ሽቦ ለአራት አምስት ሜትር በቂ ነው። ከዚያ በላይ አትክፈሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ብር አልጠየቀም። ስፒከሮቹን ከቡፌ ውስጥ አወጣኋቸው። ደሴ የብዙ ሰው ስፒከር ከብርጭቆና ከፎቶ ጋር ቡፌ ውስጥ ተሰክቶ ነው የሚኖረው። ቡፌው አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ቤዙ ጉም ይሆናል። እኔ በጠንካራ የእንጨት በርጩማ ላይ አቆምኳቸው፣ በየሳጥኑ ላይ ያሉት፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሾቹ ስፒከሮች ስቀመጥ በጆሮዬ ልክ እንዲሆኑ። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ራቁ። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀትና ከኔ እስከ እያንዳንዳቸው ያለው ርቀት እኩል ሆነ። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ከፊት ምንጣፍ አነጠፍኩ። ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው «ጭርር» ብሎ ከተመለሰ ጨርቅ ይጎድለዋል። የጭቃ ቤትና የማዳበሪያ ኮርኒስ ያላችሁ በዚህ በኩል ከዘመናዊው ቪላ ትሻላላችሁ፤ ኮርኒሱ ድምፅ ይውጣል።

ጎረቤታችን አንድ ቀን ለቡና መጥተው ዘፈኑ ተከፍቶ ነበር። ቶናው እስኪደርስ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል ያለውን ባዶ ግድግዳ ያያሉ። «ዘፋኟ እዚያ ነው እንዴ ያለችው?» አሉኝ። ከዚያ በላይ ምን ምስክር እፈልጋለሁ?

ከተረፈኝ ብር ለአምፑ ቮልዩም የኮንታክት ስፕሬይ (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ) ገዛሁ፤ ሲያዞሩት የነበረው መንኮሻኮሽ ጠፋ። ሌላው ለስታብላይዘር ዋለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በምን ጉልበት እንደሚመጣ የደሴ ሰው ያውቀዋል፤ ስታብላይዘር ቢኖርም ሲሄድ ከሶኬቱ መንቀል ነው። ያገለገለ የጃፓን አምፕ የምትገዙ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ። 100 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ሶኬት ውስጥ እንዳትሰኩት፣ የኛ 220 ነው።

አሁን የያዝኩት ሥራ የአባቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርትዝ (የሲዲ ጥራት ነው)፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ ፋይል፤ ኤምፒስሪ በኋላም ማውጣት ይቻላል። እናንተም ቤት ካሴት ካለ ጊዜው አሁን ነው። ግን ቤልቱን ሳትቀይሩ፣ ሄዱን ሳታጸዱ እንዳትጀምሩ። የተዋዠቀ ቅጂ አንዴ ከተቀዳ ማቃናቱ ከባድ ነው፣ ካሴቱም ቢሆን ደጋግማችሁ ባጫወታችሁት ቁጥር እየረገፈ ይሄዳል።