«ይሄ ነገር ጾም ነው?»

እማዬ ሜሪላንድ የመጣችው ሁዳዴ በተያዘ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የባቄላ ዱቄትና ሰናፍጭ ነበር። ልብስ የያዘችው ለወጉ ያህል ነው።

እኔ ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቤግል፣ ማለትም መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ዳቦ፣ የሚሸጥ አንድ ቤት ካሸር ነበርኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብቼ ሰባት ሰዓት እወጣለሁ። ስንወጣ የተረፈውን በከረጢት ይሰጡናል። ለእማዬ ይዤላት ሄድኩ።

«ቦምቦሊኖ ነው?» አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠብቃ ገመጠችው። ቦምቦሊኖ እንዲህ አይታገልም። ትንሽ አኘከችና «ይሄማ ጥርስ ላለው ሰው ነው» አለች። ግን ጨረሰችው። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ ይሄ ነገር ጾም ነው?»

«ዳቦ እኮ ነው እማዬ፣ ምን ይገባበታል ብለሽ ነው?»

እንዲህ ብዬ ሁለት ቀን አበላኋት። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ቢጫ የሚለውን ይዤ መጣሁ። ቀለሙ ያምራል፣ ለስለስም ይላል፣ ለጥርሷ ይሻላል ብዬ ነው። እሷ ግማሹን በልታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እንቁላል እንቁላል ይለኛል።»

የዚህ ቤግል ስም ራሱ ኤግ ቤግል ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን ሃምሳ ጊዜ እየጠራሁት ሸጬዋለሁ። እንቁላል የሚደረግበት ሳንዱችም ስለምንሸጥ፣ ደንበኛው «ኤግ ቤግል» ሲል ሁሉንም አንድ አድርጌ ነበር የማየው። ሊጡ ውስጥ እንቁላል ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እማዬ ምንም አላለችኝም። ማታ ግን ስግደቷ ከወትሮው ረዘመ። እያንዳንዷን ስግደት እኔ ላይ እንደምትጽፍብኝ ገብቶኛል።

በማግስቱ የቤግል ቤቱን ባለቤት ጠየቅሁት። የብሩክሊን ሰው ነው፣ አይሁዳዊ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። አያቱ ሥጋና ወተት ስለማይቀላቅሉ የሥጋውን ቢላዋ ከወተቱ ለይተው ያስቀምጡ እንደነበር ነገረኝ። «እናትህ የገባት ነገር አለ» ብሎ ወደ ጓዳ ይዞኝ ገባ።

ሁለት ዓመት ከፊት ቆሜ የሸጥኩትን ነገር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ተራው ቤግል ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨውና የገብስ ብቅል ነው። በቃ። ዱቄቱ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው፣ ሊጡም ደረቅ ያለ። ተድቦልቡሎ ቀለበት ከሆነ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ብቅል የገባበት የፈላ ውኃ ውስጥ ይጣላል፣ አንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ነው ምድጃ የሚገባው። መቀቀሉ የላዩን ስታርች ያበስለዋል፣ ስለዚህ ምድጃ ውስጥ ብዙ አይነፋም። ያ ጥርስ የሚታገለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሱፐርማርኬት ግን አይቀቅሉትም፣ በእንፋሎት ብቻ ይጋግሩታል። የሚወጣው ቀዳዳ ያለው ዳቦ ነው።

ይህን ለእማዬ ሳስረዳት «አብሲት በለኛ» አለች። እሷ ሊጡን ከፍላ አብስላ ትመልሰዋለች፣ እነሱ ሙሉውን ይቀቅሉታል። እኔ አልታየኝም ነበር።

ሽማግሌው አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነው። የኒውዮርክ ውኃ ካልሆነ እውነተኛ ቤግል አይወጣም ይላል። እኔ አላምነውም። እዚህ ያሉ ሐበሾችም እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል መጀመሪያ የሚከሱት ውኃውን ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የችኮላ ነው። ሊጡ ያላደረበት ቤግልም እንደዚያው ነው።

የሽማግሌው አጎት ኒውዮርክ ውስጥ ሎካል 338 የሚባለው የቤግል ጋጋሪዎች ማኅበር አባል ነበሩ። የአባል ልጅ ካልሆንክ ለመግባት ከባድ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤግል የሚጠቀልል ማሽን ሲመጣ የእጅ ሙያው ዋጋ አጣ፣ ማኅበሩም ተዳከመ። ሌላም ነገር አጫወተኝ። ፖላንድ፣ ክራኮው ውስጥ በ1610 የተጻፈ የአይሁድ ማኅበረሰብ ደንብ ላይ ቤግል ለወለደች ሴት ከሚሰጡ ነገሮች ጋር ተጠቅሷል። እማዬ ይሄን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «የአራስ ምግብ ነዋ! ታዲያ ገንፎው የት ሄደ?»

ከዚያ ወዲህ እየመረጥኩ አመጣላት ጀመር። ሰሊጥ ያለውን ወደደች። እንዳየችው «ይሄንን ኢየሩሳሌም አይቼዋለሁ» አለች። ለፋሲካ ልትሳለም የሄደች ጊዜ በደማስቆ በር ረጅም፣ ሞላላ፣ ሰሊጥ የለበሰ ዳቦ በጋሪ ሲሸጥ አይታለች። በዓሉ ካለፈ በኋላ ገዝታ ቀምሳዋለች። ዛታር የሚባል ቅመም በወረቀት ጠቅልለው ይሰጣሉ። እሱ ካዕክ ይባላል። አይቀቀልም፣ ለዚህም ነው ለስላሳ የሆነው። «ያንተው ጠበበ እንጂ ዘመዱ ነው» አለች።

ጥቁር ፍሬ የተነሰነሰበትን ጥቁር አዝሙድ መስሏት ደስ ብሏት ገመጠች። የፖፒ ዘር ነው፣ ኦፒየም የሚወጣበት ተክል ፍሬ። አዝሙድ አዝሙድ ስላላላት አኮረፈች። የፎቁ ጎረቤቴ ደግሞ ትራክ ነጂ ነው፣ እሱ ፖፒ ያለበት ቤግል በእጁም አይነካም። ሽንት ምርመራ ላይ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሊያሳይ ይችላል፣ ይሄ ወሬ አይደለም።

እህቴ ሞንትሪያል ናት። በስልክ ስንከራከር «ያንተ ቤግል ትራስ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የእነሱ ቀጭን ነው፣ ቀዳዳው ሰፊ፣ ማር በገባበት ውኃ ተቀቅሎ በእንጨት ምድጃ የሚጋገር። አንድ ክረምት ሄጄ ሴን ቪያተር መንገድ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተሰልፌ ገዝቻለሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ትኩሱን ከወረቀት ከረጢት እያወጣን ምንም ሳንቀባ እዚያው በላነው። ጭስ ጭስ ይላል። ለአለቃዬ እንዳትነግሩት እንጂ እኔ ያን እመርጣለሁ። ለእማዬ ግን አይሆንም፣ ብዙዎቹ ሊጡ ውስጥ እንቁላል ያደርጋሉ። ማሩስ ችግር አልነበረውም።

ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ባይግል» ነው የምትለው። ብሪክ ሌን የሚባል መንገድ ላይ በጨው ውኃ የተዘፈዘፈ የበሬ ሥጋ በወፍራሙ ቆርጠው፣ ሰናፍጭ ቀብተው ይሸጣሉ።

አሜሪካኖቹ በብዛት የሚወዱት ክሬም ቺዝና ሳልመን ነው። ክሬም ቺዙ ለእማዬ አይታሰብም። ዓሣው ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፣ ቤት ያፈርሳል። እሷ የራሷን መላ አገኘች። ስልጆ አዘጋጅታ ሰሊጡን ቤግል ለሁለት ሰንጥቃ ቀባችው። ቀመስኩት። ሰናፍጩ አፍንጫዬን ሰንጥቆ ወጣ፣ ቤግሉ ደግሞ ቻለው። ተራ ዳቦ ቢሆን ይርስ ነበር።

ከመሄዷ በፊት አንድ ብልቃጥ ለሽማግሌው ላከችለት። «እኚህ ሰውዬ ስለ አያታቸው ስላወሩህ» ብላ።

ባንኮኒው ጋ ቆሞ በማንኪያ አንስቶ ዋጠው። ፊቱ ቀላ፣ ዕንባው መጣ፣ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። እኔ ውኃ ልቀዳ ስሮጥ በእጁ አስቆመኝ።

«ወተት አለበት?»

«የለበትም። ጾም ነው።»

«እንግዲያው ከሥጋ ጋር ይሄዳል» አለና ፓስትራሚውን ሊያወጣ ወደ ፍሪጁ ሄደ።