ከመነጽር፣ ከኮንታክት ሌንስና ከቀዶ ሕክምና ለዓይኔ የመረጥሁት

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። የሚታረመው ወረቀት ከፊቴ ሲቀመጥ አስቀድሜ የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ፣ ከዚያም ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋለሁ። በዚያ ርቀት የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ያለች ደቃቃ ‹ቁ› ከ‹ቀ›፣ ‹ሕ› ከ‹ሐ›፣ ነጠላ ሰረዝም ከድርብ ሰረዝ ተለይተው ጥርት ብለው ይታዩኛል። ቀና ብዬ ወደ በሩ ስመለከት ግን የገባው ሰው ማን እንደ ሆነ የማውቀው በአረማመዱና በድምፁ ነው። የሁለቱም ዓይኖቼ ቁጥር ማይነስ 4 ነው።

ማይነስ 4 ምን ማለት እንደ ሆነ ለብዙ ዓመታት ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። 1 ሜትር ለ4 ሲካፈል 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያለ መነጽር አጥርቼ የማየው እስከዚያ ድረስ ነው፣ ከዚያ ያለፈው ሁሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ቁጥሩ 2 የሆነ ሰው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያያል፤ 8 የሆነ ሰው ደግሞ እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ። ባለፈው ዓመት 39ኛ ዓመቴን ስይዝ «አሁንስ መነጽሩን ተገላገዪው» የሚለው የወዳጅ ዘመድ ምክር በረታብኝና ነገሩን በጥሞና ማጥናት ጀመርሁ። የደረስሁበት ውሳኔም ከዚህች 25 ሳንቲ ሜትር ጋር የተያያዘ ሆነ።

መነጽር ያደረግሁት 7ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ ገዝታልኝ ስታበቃ «ሁልጊዜ አታድርጊው፣ ከለመደው ዓይንሽ ይሰንፋል» ትለኝ ስለነበር፣ ቤት ስገባ አወልቀው፣ ትምህርት ቤት ስደርስ አደርገው ነበር። ቁጥሩ ግን በየዓመቱ መጨመሩን አልተወም። ዛሬ እንደማውቀው የጨመረው በመነጽሩ ምክንያት አልነበረም። የልጅ ዓይን ከአካሉ ጋር ያድጋል፤ የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ሲረዝም ከሩቅ የመጣው ብርሃን ሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ ሆኖ ምስሉን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል፣ የ1 ሚሊ ሜትር መርዘም ብቻውን ቁጥሩን ከ2 ተኩል እስከ 3 ያህል ሊጨምረው ይችላል። ስለዚህ ልጃቸው ሰሌዳው አልታይ ያለው ወላጆች «ይሰንፋል» በሚል ስጋት መነጽሩን እንዳይከለክሉት አጥብቄ እለምናለሁ።

መነጽር ችግር የለበትም አልልም። በክረምት ከብርዱ ወጥቼ ሰው በሞላበት ታክሲ ውስጥ ስገባ ጉም ይለብስና ረዳቱን እንኳ አላየውም። ከሁሉ የከፋው ግን የሠሪው ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ መነጽር ቤት ያሠራሁት አዲስ መነጽር ለሦስት ሳምንታት ያህል ራሴን ሲፈልጠኝ ከረመ፤ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ፍሬሙም አልጠበበኝም። ፒያሳ ውስጥ ለረጅም ዓመታት መነጽር ሲጠግኑ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ወስጄ ባሳያቸው ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥተው፣ በማስመሪያ በሁለቱ ዓይኖቼ መካከል ያለውን ርቀት ለኩና «ልጄ፣ መሐሉ እኮ ከዓይንሽ ፊት አልዋለም» አሉኝ። ጋሼ እውነታቸውን ነበር። የእያንዳንዱ ሌንስ መሐል ከዓይኑ መሐል ፊት ለፊት ካልዋለ ዓይኖች ምስሉን አንድ ለማድረግ ቀኑን ሙሉ ይታገላሉ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠንም ትግሉ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ መነጽር ሳሠራ ይህ ርቀት ተለክቶ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ሳላስደርግ አልወጣም።

ወደ ኮንታክት ሌንስ የገባሁት በእኅቴ ሠርግ ምክንያት ነው፤ ዓይኔ እንዲታይ ፈለግሁ፣ ይህም የሚያሳፍር ምክንያት አይመስለኝም። ሌንሱ ብሌኑ (ኮርኒያ የሚባለው የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ላይ በቀጥታ ስለሚያርፍ ቁጥሩ ከመነጽሩ ጥቂት ይቀንሳል፤ ለእኔ የታዘዘልኝ ማይነስ 3.75 ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ የሰው ፊት በትክክለኛ መጠኑ፣ ያለ ፍሬም ጠርዝ፣ ከዳር እስከ ዳር ታየኝ። የማይነስ መነጽር ነገሮችን በጥቂቱ እንደሚያሳንስ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለስላሳውን ሌንስ በ1961 እ.ኤ.አ. በቼኮዝሎቫኪያ ኦቶ ቪክተርሌ የተባለው ኬሚስት ቤቱ ውስጥ ከልጆች መጫወቻ በገጣጠመው መሣሪያ እንደ ሠራው ሳነብ ለዚህ ሰው እውነተኛ ምስጋና ተሰምቶኛል።

ነገር ግን ሌንስ ከሚኖሩበት ቤትና ከተማ ጋር መስማማት አለበት። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ በነበረበት ወቅት አቧራው ሌንሱ ሥር እየገባ ያስለቅሰኝ ነበር፤ በበጋ ደግሞ ደረቁ አየር እስከ ከሰዓት በኋላ ሌንሱን ያደርቀዋል። ከአቧራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የውኃው ጉዳይ ነው። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንታጠበው ከጀሪካን ነው፤ ሌንስ የሚነካ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ መሆን አለበት፣ ሌንሱ ራሱ ደግሞ ንጹሕ በሚመስል የቧንቧ ውኃ እንኳ ፈጽሞ አይታጠብም። በውኃና በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ አካንታሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ አለ፤ ሌንሱን ተጠግቶ ወደ ብሌን ከገባ ሕክምናው ወራት ይወስዳል፣ ዓይንንም ሊያሳጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ለጥምቀት ጃን ሜዳ ስወርድም ሆነ ጠበል ስሄድ ሌንስ አላደርግም፤ ምእመን ጠበሉን በሙሉ ልቡ እንዲቀበል ሌንሱን ቤቱ አውልቆ ቢሄድ መልካም ነው እላለሁ።

የእኔ ጥፋት ግን ከውኃ አልመጣም። የዛሬ 3 ዓመት ለትንሣኤ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አድሬ፣ ቤት ገብቼ ከቤተሰብ ጋር ፈስኬ፣ ሌንሱን ሳላወልቅ ወንበር ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ቀኝ ዓይኔ ቀልቷል፤ ማታ ላይ ብርሃን መቋቋም አቃተኝ። በማግስቱ የመረመረችኝ ሐኪም ቢጫ ቀለም አንጠብጥባ በሰማያዊ ብርሃን ስታየው ብሌኑ ላይ ቁስል አገኘች። ብሌን የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር በእንባ በኩል ነው፤ ሽፋሽፍት ሲከደን ያ አየር ይቀንስበታል፣ በላዩ ሌንስ ሲጨመር ደግሞ ይታፈናል፣ ይሰነጠቃል፣ ባክቴሪያም መግቢያ ያገኛል። ሌንስ አድርጎ መተኛት የዚህ ዓይነቱን ኢንፌክሽን ዕድል ከ6 እስከ 8 እጥፍ ያህል እንደሚጨምረው የነገረችኝ እርሷ ናት። ለሁለት ሳምንት በየሰዓቱ ጠብታ እያደረግሁ ዳንሁ፤ ዛሬ ሌንስ የማደርገው ለሠርግና ለመሳሰለው በዓል፣ ለጥቂት ሰዓት፣ በዕለቱ ተጥሎ የሚቀየረውን ብቻ ነው።

የቀረው በሌዘር የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ነበር። ለምርመራ የሄድነው እኔና የ24 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ አብረን ነው፤ ለስላሳ ሌንስ ብሌኑን ስለሚጫነው ልኬቱ እንዳይዛባ እኔ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሬ ሌንስ አላደረግሁም። የሌዘሩ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። የብሌን ውፍረት መሐሉ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሌዘሩ ከዚያ ላይ በስሌት ቀጭን ክፍል ያነሣል፣ ቅርጹም ጠፍጠፍ ሲል ብርሃኑ ሬቲና ላይ ይውላል። ለእኔ ቁጥር የሚነሣው 50 ማይክሮን (የ1 ሚሊ ሜትር 20ኛ ክፍል) ገደማ ነው። ሌዚክ በሚባለው ዘዴ አስቀድሞ እንደ ክዳን የሚገለጥ ስስ ሽፋን ይዘጋጃል፤ ፒ አር ኬ በሚባለው ዘዴ ደግሞ የብሌኑ የላይኛው ቆዳ ተጠርጎ እንደገና እስኪበቅል ለቀናት ያማል። በየትኛውም ዘዴ ቢሆን የተነሣው ተመልሶ አይተካም፤ የብሌኑ ነርቮች ስለሚቆረጡም ዓይን ለወራት ሊደርቅ ይችላል። ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ፣ ቁጥሩ ቢያንስ ለ1 ዓመት ያልተለወጠና ብሌኑ ጤናማ የሆነ ሰው ግን በአብዛኛው ደስ ብሎት እንደሚወጣ አምናለሁ።

ወንድሜ ከዚህ ወገን ሊሆን አልቻለም። የብሌኑን ቅርጽ በቀለም የሚያሳየው ቶፖግራፊ ሲነሣ፣ በግራ ዓይኑ ከመሐል ዝቅ ብሎ እንደ ፍም የቀላ አንድ ቦታ ወጣ። ሐኪሟ አስቀድማ የጠየቀችው «ልጅ ሆነህ ዓይንህን ታሽ ነበር?» ብላ ነው። ያሽ ነበር፤ አለርጂ ስለነበረበት በየበጋው በጉልበት ሲያሽ እናቴ እጁን ትይዘው እንደነበር አስታውሳለሁ። ኬራቶኮነስ ይባላል፤ ብሌኑ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል፣ ዓይንን አዘውትሮ ማሸትም ከዚህ ሕመም ጋር ይያያዛል። በሳሳ ብሌን ላይ ሌዘር መጨመር ድካሙን የሚያባብስ ስለሆነ ተከለከለ፤ በየ6 ወሩ እየታየ፣ ከባሰ በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብሌኑን የሚያጠነክር ሕክምና እንዲደረግለት ተወሰነ። ያለዚያ ልኬት ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ልጃችሁ ዓይኑን ካሸ መቆጣት ብቻ አይበቃም፣ አለርጂውን አሳክሙለት።

የእኔ ብሌን ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ውፍረቱም ይበቃል። ሐኪሟ ግን ወረቀቱን አስቀምጣ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ነገርኋት። በእጇ የያዘችውን የመድኃኒት ማሸጊያ ሰጥታ ያለ መነጽር እንዳነብላት አደረገችና፣ ከ40 ዓመት በኋላ በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ እየጠነከረ ቅርብ ማየት እንደሚከለክል፣ ሌዘርም ይህን እንደማያስቀር፣ እንዲያውም የሩቁን ካስተካከለልኝ በኋላ ለንባብ ሌላ መነጽር እንደሚያስፈልገኝ አስረዳችኝ። አንዱን ዓይን ለሩቅ አስተካክሎ ሌላውን ለቅርብ መተው እንደሚቻልም ነገረችኝ፤ ከመወሰኔ በፊት በኮንታክት ሌንስ አስመስዬ እንድሞክረው መከረችኝ፣ ይህ ምክር ለማንም የሚበጅ ነው። አምስት ቀን ሞከርሁት። መንገድ ላይ ተስማማኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ግን በአንድ ዓይን ብቻ መስመር መከተል አደከመኝ፣ በአራተኛው ቀን ከአንድ ርእስ ላይ የተደገመ ቃል አለፈኝ። ርእስ ላይ ያለ ስሕተት አልፎኝ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ መነጽሩ ይቆያል። ቀዶ ሕክምናው ለ26 ዓመት ሯጭ ይበጅ ይሆናል፤ እኔ ግን እንጀራዬ የሆነችውን 25 ሳንቲ ሜትር በዚህ ዕድሜ አልሰጥም።

ለወንድሜ ደግሞ እኔን የጎዳኝ ሌንስ ነው መድኃኒት የሆነው፤ የእርሱ ጠንካራው ዓይነት ነው፣ በጎበጠው ብሌን ላይ ለስላሳ ገጽ ይሠራለታል፣ መነጽር ያላስተካከለለትን ያስተካክልለታል። ጠዋት ጠዋት እናቴ ማስታጠቢያውን ይዛ ታስታጥበዋለች፤ ሳሙናው በደንብ እስኪለቅ ሁለት ጊዜ ታፈስለታለች፣ ለዚህ ብቻ ያስቀመጠችውን ነጭ ጨርቅ ታቀብለዋለች፣ ጣቶቹ መድረቃቸውንም አገላብጣ ታያለች። ከዚያ በኋላ ነው ሌንሱን እንዲያወጣ የምትፈቅድለት።