ኢ-ባይክ ይዛችሁ ትሬይል ለምትወጡ የዲሲ አካባቢ ልጆች

ሰሞኑን በየሄድኩበት የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ ኢ-ባይክ (ባትሪና ሞተር ያለው ሳይክል) ልግዛ ወይ፣ ከገዛሁስ እነዛ ትሬይሎች፣ መኪና የማይገባባቸው የእግረኛና የሳይክል መንገዶች ላይ መንዳት ይፈቀዳል ወይ። ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ስራ ቦታ፣ ክርስትና ቤት ሳይቀር። ለእያንዳንዱ በቴክስት ከምመልስ አንዴ እዚ ጽፌው ሊንኩን ብልክ ይሻላል ብዬ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ኢ-ባይክ ትሬይል ላይ ቦታ አለው፣ በጣም አለው፣ ግን መንገዱ የእግረኛው ነው፣ እኛ ሞተር ይዘን የመጣነው የሱን ፍጥነት አክብረን ነው ማለፍ ያለብን። ይሄን መቀበል የሚከብደው ሰው ሌላ መጫወቻ ቢፈልግ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ለምን ቦታ አለው እንደምል። እኛ ሰፈር ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ያለውን ሀበሻ እዩት እስቲ፣ ግማሹ እድሜውን ታክሲ ወንበር ላይ የጨረሰ ነው፣ ግማሹ ፓርኪንግና ሆስፒታል ውስጥ ቆሞ የሚውል፣ ሃምሳ አለፍ ሲል ጉልበቱ ወገቡ ስኳሩ ግፊቱ ተራ በተራ ይመጣል፣ ሀኪሙ ደሞ "ተንቀሳቀስ" ብሎ ይሸኘዋል። የት ሄዶ ይንቀሳቀስ? ደብሊው ኤንድ ኦዲ ትሬይል ግን እዛው አጠገባችን ነው፣ ከሸርሊንግተን ተነስቶ እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል ገደማ፣ ሙሉውን አስፋልት፣ ያለ ክፍያ። ድሮ የባቡር ሀዲድ ነበር፣ ባቡሩ በ1968 ስራ አቆመና ሀዲዱ ተነቅሎ ቦታው ለእግረኛና ለሳይክል ሆነ፣ ለዛ ነው ዳገቱ ብዙም የማይከብደው፣ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣማ።

እኔ ባህር ዳር ነው ያደግኩት። ባህር ዳር ያደገ ሰው ሳይክል ምን እንደሆነ አይነገረውም፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ተማሪው አስተማሪው ሴቱ ወንዱ በሳይክል ነው የሚሄደው፣ በሰዓት እየተከራየን ዘንባባው ስር ስንሽከረከር ነው ልጅነታችን ያለቀው። እዚ አገር ስንመጣ ግን ስራ ላይ ስራ ደርበን ሳይክሉን ረሳነው፣ እንደገና ልሞክር ያለው ደሞ ሮስሊን ላይ ከሃይዌዩ ጎን የሚሄደውን የከስቲስ ትሬይል ዳገት ያይና በዛው ይቀራል፣ ያ ዳገት ወጥቶ ወርዶ እንደገና ይወጣል፣ ጎረምሳም ያስተነፍሳል። ኢ-ባይክ ለኛ ይሄን ነው የፈታልን። ሰነፍ አያደርግም፣ የልብ ምታችሁ ይጨምራል፣ ላብ ያልባችኋል፣ ግን ጉልበታችሁን አይገድልም፣ ከዛ ሁሉ በላይ ደሞ ለመመለስ አትፈሩም።

ጎረቤታችን አንድ ጋሼ አሉ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አንድ ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን የተደረገ። ባለፈው የፀደይ ወቅት አብረን ሲ ኤንድ ኦ ካናል ሄድን። ለማያውቁት፣ ይሄ ከጆርጅታውን ተነስቶ ፖቶማክን ተከትሎ እስከ ከምበርላንድ ሜሪላንድ 184.5 ማይል የሚሄድ የድሮ ቦይ ነው፣ ድሮ ጀልባ በበቅሎ እየተጎተተ የድንጋይ ከሰል ይመላለስበት ነበር፣ ዛሬ እኛ የምንነዳበት መንገድ እነዛ በቅሎዎች ጀልባውን እየሳቡ የሄዱበት ነው። መንገዱ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፣ በየሎኩ (ጀልባውን በውሃ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የቦይ በር) ጋ ብቻ ነው አጭር ብድግ የሚል አቀበት ያለው፣ 74 ሎክ ነው ያለው በሙሉ። ጋሼ ሜዳው ላይ ሞተሩን ጭራሽ አጥፍተው በእግራቸው ነው የሚነዱት፣ ሎክ ሲታያቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው ኢኮ (ዝቅተኛው እገዛ) ላይ ያደርጉታል፣ ያቺን አቀበት ሞተሩ እያገዛቸው ይወጣሉ፣ እንደወጡ እንደገና ጥፍት። መሪውን ላላ አድርገው ነው የሚይዙት፣ ያ ኦፕራሲዮን የሆነው ጉልበት ደሞ እኩል ይዞራል፣ ከኋላ ሆኜ ሳየው ነበር። "ጋሼ ለምን እዛው ኢኮ ላይ አይተዉትም?" ስላቸው "ባትሪው ለመመለሻ ነው፣ እግሬ ለመሄጃ" አሉኝ። ግሬት ፎልስ ደርሰን ተቀምጠን ቆሎ በላን፣ ቦይው ውስጥ ግንድ ላይ ኤሊዎች ተደርድረው ፀሀይ ይሞቃሉ፣ ጋሼ እንደዛ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ይሄ መንገድ ዝም ብሎ የተገኘ እንዳይመስላችሁ ደሞ። ቦይው በ1924 ተዘጋ፣ ከዛ በ1950ዎቹ እዚ ላይ የመኪና መንገድ ይሰራበት የሚል ሀሳብ መጣ፣ ዊልያም ዳግላስ የሚባሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ "ኑና አብራችሁኝ ተራመዱ፣ ምን እንደምታጠፉ እዩ" ብለው ጋዜጠኞቹን ጋበዙና በ1954 ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን በእግር መጡ፣ ነገሩ አገር አነጋግሮ የመኪና መንገዱ ሀሳብ ቀረ፣ በ1971 ደሞ ብሄራዊ ፓርክ ሆነ። በእግር ተሂዶበት ነው የተረፈው። እኔ እዛ ላይ በሰዓት 28 ማይል የሚከንፍ ሰው ሳይ የምናደደው ለዚ ነው፣ ሞተር እንዳይገባበት ተብሎ የተጠበቀ ቦታ ላይ ሞተር ይዘን እንድንገባ ስለተፈቀደልን ፈቃዱን ማክበር አለብን።

አሁን ወደ ህጉ። አሜሪካ ውስጥ ኢ-ባይክ አብዛኛው ስቴት ላይ በሶስት ክላስ ነው የሚከፈለው። ክላስ 1 ፔዳል ስትመቱ ብቻ ነው የሚያግዛችሁ፣ 20 ማይል ላይ እገዛው ይቆማል። ክላስ 2ም 20 ላይ ነው የሚያቆመው ግን እንደ ሞተር ሳይክል ፔዳል ሳትመቱም የሚያስኬድ ስሮትል አለው። ክላስ 3 እስከ 28 ማይል ያግዛል። ብሄራዊ ፓርኮች ላይ በ2020 የወጣው ደንብ የሚለው የትኛው ክላስ የት እንደሚገባ የየፓርኩ ሃላፊ ይወስናል ነው፣ ደሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለው፣ መኪና የማይገባበት መንገድ ላይ ፔዳል ሳይመቱ በሞተር ብቻ ረጅም መንገድ መሄድ ክልክል ነው። ስለዚ ስሮትል ያለው ቢኖራችሁም ፓርክ ውስጥ ፔዳል መምታት ግዴታችሁ ነው ማለት ነው። ከፓርክ ፓርክ፣ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል፣ ካፒታል ክረሰንት ትሬይል ለምሳሌ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ባለው ክፍል 15 ማይል ነው የፍጥነት ገደቡ፣ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ሳታነቡ አትግቡ።

15 ማይል አነሰ የሚል ካለ ሂሳቡን ልንገራችሁ። ግጭት ላይ የሚመጣው ሃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፣ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። 28 ማይል ከ15 ጋር ሲተያይ እጥፍ እንኳን አይሞላም፣ ሃይሉ ግን ሶስት እጥፍ ተኩል ነው። ላዩ ላይ ደሞ ኢ-ባይኩ ራሱ ከባድ ነው፣ ብዙዎቹ ከ25 ኪሎ በላይ ናቸው፣ ፍሬን ሲያዝ እንደ ቀላል ሳይክል ቶሎ አይቆሙም። አንድ የሶስት አመት ልጅ ከእናቱ እጅ አምልጦ ዘው ሲል አስቡት፣ ትሬይል ላይ ልጅ ሁሌ ዘው ይላል፣ ውሻም እንደዛው፣ እነሱ ደሞ ሊወቀሱ አይገባም፣ ለመጫወት ነው የመጡት።

እኛ ሰዎች ጋ የማየውን አንድ ነገር ልጨምር። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እናቶቻችን ነጠላቸውን ጣል አድርገው አራት አምስት ሆነው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ መንገዱን ሞልተው፣ ወሬ ይዘው። ከኋላቸው መጥቶ በሃይል "ኦን ዩር ሌፍት!" (በግራችሁ ላልፍ ነው ማለት ነው) ብሎ የሚጮህ አለ፣ እነሱ ይደነግጡና ሁለቱ ወደ ቀኝ ሁለቱ ወደ ግራ ይበተናሉ፣ አንዷ መሀል ላይ ትቀራለች፣ አደጋ የሚመጣው እዛ ላይ ነው። ፈረንጆቹም ራሳቸው ሌፍት ሲባሉ ወደ ግራ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። እኔ የማደርገው ከሩቅ፣ ገና ሰላሳ ሜትር ያህል ሲቀረኝ፣ ደወሉን አንዴ በቀስታ፣ ከዛ እገዛውን ዝቅ አድርጌ ወደ እግር ሰው ፍጥነት ወርጄ "እናቶች እንደምን አደራችሁ፣ በዚ በኩል ልለፍ" እላለሁ። ይመርቁኛል። አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ሞተሩ እንደገና ለማፍጠን እያለ አስር ሰከንድ ምን ያደርጋል? ለተራ ሳይክል ነጂ እኮ መቆምና እንደገና መነሳት ጉልበት ነው፣ ለኛ ግን ምንም አይደለም፣ ስለዚ ቀስ የማለት ግዴታው ከሁሉም በላይ ኢ-ባይክ የያዘው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግዢ ላይ። ዋናው የምነግራችሁ ቶርክ ሴንሰር ያለው ፈልጉ ነው። ርካሾቹ ላይ የሚገጠመው ኬደንስ ሴንሰር ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እግራችሁ ትንሽ እንዳዞረ ሞተሩ ፈንጠር ብሎ ይነሳል፣ ሰው በበዛበት ቦታ ጥሩ አይደለም። ቶርክ ሴንሰር እግራችሁ ምን ያህል እንደገፋ ለክቶ በዛው ልክ ይጨምራል፣ ቀስ ስትሉ እሱም ቀስ ይላል፣ የራሳችሁ እግር የጠነከረ ነው የሚመስላችሁ። ጉልበት ለሚያማቸው ደሞ ወደ ፊት ዘንበል የማያደርግ፣ መሀሉ ዝቅ ያለ፣ እግር ሳይነሳ የሚገባበት ፍሬም ይግዙ፣ ጋሼ የያዙት እሱን ነው። እኔ ለትሬይል ክላስ 1 በቂ ነው ባይ ነኝ። አንድ ሱቅ ለጓደኛዬ ክላስ 2 ብሎ የሸጠለት፣ ሴቲንጉን ነካ ሲያደርጉት ገደቡ የሚነሳ ነበር፣ ሻጩ ራሱ ነው እንደ ጥሩ ነገር ያሳየው፣ ያ ገደብ ከተነሳ በኋላ ህጉ እንደ ኢ-ባይክ ላያየው ይችላል፣ አንድ ሰው ብትገጩበት ምን ውስጥ እንደምትገቡ አስቡት።

ባትሪ ላይ አልደራደርም። አብዛኞቻችን አፓርትመንት ነው የምንኖረው፣ ከላይ ከታች ቤተሰብ አለ። የሊቲየም ባትሪ እሳት ከተነሳ በቀላሉ አይጠፋም፣ ኒውዮርክ ከተማ በ2023 ሰርተፊኬት የሌለው ኢ-ባይክና ባትሪ እንዳይሸጥ የከለከለችው በዚ ምክንያት ነው። ሳይክሉ ላይ ዩኤል 2849፣ ባትሪው ላይ ዩኤል 2271 የሚል የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት ፈልጉ፣ ከሌለው መቶ ሁለት መቶ ብር ቀነሰልኝ ብላችሁ እንዳትወስዱ (ዶላር ማለቴ ነው)። አብሮት በመጣው ቻርጀር ብቻ፣ ተኝታችሁ ሳይሆን ነቅታችሁ፣ መውጫ በር ጋ ሳይሆን ሌላ ቦታ ቻርጅ አድርጉ። ክረምት ላይ ውጪ ያደረ ባትሪ ቤት ገብቶ ሳይሞቅ ቻርጅ አይደረግም፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ያበላሸዋል። አገር ቤት ልውሰደው ለምትሉት ደሞ፣ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ከ160 ዋት አወር (ባትሪው የሚይዘው ሃይል መለኪያ) በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣም በእጅም አይገባም፣ የኢ-ባይክ ባትሪ ደሞ ብዙውን ጊዜ ከ400 ይጀምራል። ለአባቴ ባህር ዳር ልወስድለት ፈልጌ ነው ያጣራሁት፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ምን ያህል ያስኬዳል ለምትሉ፣ ባትሪው ላይ ቮልቱንና አምፔር አወሩን አባዙት፣ 48 ቮልት በ14 ቢሆን 672 ዋት አወር ነው። ዝቅተኛ እገዛ ላይ በማይል አስር ዋት አወር ገደማ፣ ከፍተኛው ላይ እጥፉንና ከዛም በላይ ይበላል፣ ብርድ ሲሆን ደሞ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ደብሊው ኤንድ ኦዲ ላይ ቪየናም ሄርንደንም ሊዝበርግም ካፌ አለ፣ ቡና እየጠጣችሁ ሶኬት መጠየቅ ትችላላችሁ። ካናሉ ላይ ግን በየካምፕ ቦታው የእጅ ፓምፕ ውሃ እንጂ መብራት የለም፣ ባትሪው ከግማሽ በታች ሳይወርድ መመለስ ነው።

ለመጀመሪያ ቀን ፍሌቸርስ ኮቭ ሂዱ። እዛ ጋ ካናሉና ካፒታል ክረሰንት ጎን ለጎን ናቸው፣ በአንዱ ጠጠሩን በሌላው አስፋልቱን ትሞክራላችሁ፣ እስከ ጆርጅታውን አጭር ነው። በጠዋት ሂዱ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ፍሬኑን ባዶ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ያዙት መጀመሪያ። ማውንት ቨርነን ትሬይልን ለሌላ ቀን አቆዩት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ግራቬሊ ፖይንት ላይ አውሮፕላኑ ከጭንቅላታችሁ በላይ ሲያርፍ ማየት ደስ ይላል ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ የእንጨት ድልድዮቹም ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ።

ለመግዛት አይታችሁ እርግጠኛ ያልሆናችሁት ካለ ፎቶ አንስታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ፍሬሙ ላይ ክላሱና ዋቱ የተጻፈበት ስቲከር አለ፣ እሱ በደንብ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱት፣ ስቲከር ከሌለው ደሞ ሻጩን ለምን እንደሌለው ጠይቁት።