ለገና፦ ሳፋ፣ ቫዝሊንና ምስማር የሌለው ጫማ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ሐረር፣ ድሬዳዋና ባቢሌ ያላችሁም፣ ከአገር ርቃችሁ በዓሉን የምትውሉም፣ ቤታችሁ ይሙላ።

ገና ሲደርስ በየደጀ ሰላሙ ምጽዋት ይበዛል። ከሚቀበሉት መካከል የሥጋ ደዌ እጅና እግራቸውን የጎዳባቸው አሉ፤ የዘንድሮ መልእክታችን ስለ እነሱ ነው። ሐረር ለዚህ ሕመም ቀድማ በር የከፈተች ከተማ ናት። የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1901 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሕሙማን ማረፊያ አቋቋሙ። በኋላ እዚያ ያገለገለው ፈረንሳዊ ሐኪም ስሙ ገንደ ፌሮን በሚባለው ሰፈር ቀርቷል። በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1957 ጀርመን አገር ቩርዝቡርግ ላይ የተመሠረተው የሥጋ ደዌ መርጃ ማኅበር ደግሞ በዓመቱ ቢሲዲሞ የተባለውን የሕሙማን መኖሪያ ጀመረ፤ ከሐረር በባቢሌ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ ነው። ያኔ ሕመምተኛ የሚሄደው ሊኖር ነበር። ዛሬ ቢሲዲሞ ሆስፒታል ነው፤ ታክሞ ይመለሳል።

መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ሕመሙ ቆዳ ላይ የሚያወጣው ነጠብጣብ እስከ 5 ከሆነ 6 ወር፣ ከዚያ ከበለጠ 12 ወር ይወሰዳል። መዋጥ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ያቆማል። ሰው የሚያቋርጠው በሁለት ነገር ደንግጦ ነው። አንደኛው ክኒን ሽንትን ያቀላል፣ ሌላኛው ቆዳን ያጠቁራል፤ ሁለቱም የሚያልፉ ናቸው። ከዚህ የከፋው ሕክምናው መሀል ላይ ነጠብጣቡ ድንገት ሲያብጥና ክርን አካባቢ ያለው ነርቭ ሲያም «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ብሎ ቤት መቀመጥ ነው። ያ ሰውነት በሕመሙ ባክቴሪያ ላይ የሚያሳየው ቁጣ ነው፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ካላየው እጅ ይሰንፋል።

ባክቴሪያው ቢሞትም የደነዘዘ እግር ላይመለስ ይችላል። ጣት የሚያሳጥረው ሳይታወቅ የሚደጋገመው ቁስል ነው፤ የጀበናውን ግለት የማያውቅ እጅ ይቃጠላል፣ ጠጠር የገባበት እግር ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል። ስለዚህ ማታ ማታ እግሩ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይነከራል። ሙቅ ውሃ ፈጽሞ አይሆንም፤ ደንዝዞ ሳለ ይቀቀላል። ከዚያ የጠነከረው ቆዳ በሸካራ ድንጋይ ቀስ ተብሎ ይፋቃል፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባል፤ ቫዝሊን ከጠፋ የወጥ ዘይትም ያገለግላል። የውስጥ እግሩን በመስታወት ወይም በልጅ ዓይን መመልከት አይቀርም። ቁስል ካለ ዋናው መድኃኒት አለመርገጥ ነው። ለምኖ ለሚያድር ሰው ይህን ማዘዝ ቀላል አይደለም፤ የዕለት እንጀራውን ሳይሸፍኑ «እረፍ» ማለት ምክር አይባልም።

ለበዓል ጫማ የምትሰጡ ወገኖች እግዜር ይስጥልን፤ ግን አሮጌ ባለተረከዝ ጫማም ሆነ በርባሶ አትስጡ። የበርባሶ ምስማር እየቆየ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚያሳምመው ባለቤቱን ሳይሆን ቁስሉን ያየውን ነው። ነጠላ ጫማም ከደነዘዘ እግር ላይ ሲወልቅ አይታወቅም። የሚሆነው ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ፣ ኋላው ማሰሪያ ያለው፣ የተሰፋና በማጣበቂያ የተያያዘ ነው። የውስጡን ስፖንጅ በሁለት ጣት ሲጫኑት ግማሽ ያህል መርገብ አለበት፤ ድንጋይ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከተጨፈለቀ ተዉት። ስፖንጁ በወራት ውስጥ ስለሚሞት ጫማ ሰፊ ጋ የመቀየሪያ ሒሳብ ጨምሩበት።

ጥምቀት ካለፈ ከሳምንት ገደማ በኋላ የዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ይከበራል፤ ራውል ፎለሮ የተባለ ፈረንሳዊ በፈረንጆቹ 1954 ያስጀመረው ነው። እስከዚያ በቤታችሁ የማያሳክክ፣ የነጣ ወይም የቀላ ነጠብጣብ ያለበት ሰው ካለ ዓይኑን ያስጨፍኑትና በጥጥ ጫፍ ይንኩት፤ የተነካበትን በጣቱ ካላመለከተ በዓሉ እንዳለፈ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መልካም ገና።