ለአባቴ ቦክሰር ስሰፋ

የሰሜን ሸዋ ደጋ ለብርድ የሚሆን ልብስ አያጣም፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠሩት በርኖስና ባና፣ የደብረ ብርሃኑም ብርድ ልብስ የዚሁ አገር ሥራዎች ናቸው። አባቴ ግን የሚኖሩት ሸዋ ሮቢት ነው። እኔ ካለሁበት ከደብረ ብርሃን፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ የጣርማ በርን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ 1,300 ሜትር አካባቢ ሲደርስ የሚያገኘው ሙቀት ሌላ ነው፤ በዚያ ሙቀት ማሳ ላይ የሚውል ሰው ከላይ ከሚለብሰው ይልቅ የሚቸገረው በውስጥ ልብሱ ነው።

ይህን በስልክ የነገሩኝ እናቴ ናቸው፤ አባት እንዲህ ያለውን ነገር ለሴት ልጁ አያወራም። «ላስቲኩ ወገቡን ከርክሮታል፤ ብሽሽቱም ሽፍታ ሆኗል» አሉኝ። ከሱቅ የተገዙት ፖሊስተር ናቸው። ጥጥ በተለመደ አየር ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ሲይዝ፣ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ ስለማይዝ ላቡ የሚቀረው ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ ስስ የጥጥ ፖፕሊን ገዛሁ፤ ስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሜትር ለአንድ ቦክሰር፣ ማለትም ጭን ድረስ ለሚወርድ ሰፋ ያለ የወንድ የውስጥ ሱሪ፣ ተርፎ ይበቃል።

ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከአንድ ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊያጥር ስለሚችል፣ ጨርቁ ታጥቦና ተተኩሶ እንጂ እንደተገዛ አይቆረጥም። ልኩን እናቴ ለክተው ነገሩኝ፤ ወገብ 86፣ ዳሌ 98። በዳሌው ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ጨምሬ፣ ለእያንዳንዱ እግር አንድ ወጥ ቁራጭ በጋዜጣ ላይ ነደፍሁ። የጎን ስፌት የሌለው መሆኑ ለቆዳ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከሁሉ የበለጠ የተጨነቅሁበት የኋላው ቁመት ነው። ፊቱና ኋላው እኩል የተቆረጠ ቦክሰር ቆመው ሲለኩት ያማረ ይመስላል፤ ለባሹ ለአረም ሲያጎነብስ ወይም ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ግን ከኋላ ወርዶ ከመካከል ይጎትታል። በዚህ ምክንያት የኋላውን ወገብ ከፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር አስበልጬ፣ የመቀመጫውንም ጥምዝ ጠለቅ አድርጌ ቆረጥሁት። ብዙ የሱቅ ልብስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ የየእግሩ የውስጥ ስፌት ይሰፋል፤ ከዚያ አንዱ እግር ተገልብጦ ሌላው በውስጡ ይገባና፣ የሁለቱ ጨርቅ የውጭ ገጽ ተገናኝቶ ጥምዙ ከፊት ወገብ እስከ ኋላ ወገብ በአንድ ጊዜ ይሰፋል። ኦቨርሎክ የተደረገ፣ ማለትም እንዳይተረተር በማሽን ክር የተጠለፈ ጠርዝ፣ ጭን ለጭን ሲፋተግ ይቆረቁራል ብዬ ስለማምን፣ የአንዱን ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አስቀርቼ ከረከምሁና ሌላውን በላዩ አጥፌ፣ በጂንስ ሱሪ ላይ እንደሚታየው ጠፍጣፋ አድርጌ ደግሜ ሰፋሁት። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ማንም የማያየው ስፌት ቀኑን ሙሉ ሥጋን የሚነካው ስፌት ነውና ከሸሚዝ ኮሌታ ባላነሰ ጥንቃቄ ሊሠራ ይገባዋል።

ላስቲኩ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ለስላሳና 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው፤ ከወገቡ ልክ ከዚህ በላይ ከተቀነሰለት መልሶ ይከረክራል። ላስቲክ ከጨርቁ ቀድሞ ስለሚረግብ፣ በተለይም በረኪና ከነካው፣ በኋላ በኩል የእጥፋቱን ጥቂት ቦታ በእጅ ብቻ ሰፍቼ ተውሁት። እናቴ ያንን ተርትረው አዲስ ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ ስበው ማስገባት ይችላሉ።

አባቴ በእናቴ በኩል የላኩት አስተያየት አንድ ነው፤ እግሩ ትንሽ ቢረዝም፣ ላብ ጭንና ጭንን አያጣብቅም ነበር ብለዋል። ለሚቀጥለው 6 ሴንቲ ሜትር ጨምሬ ቆርጫለሁ፤ ጨርቁም ታጥቦ ደርቋል።